ዜማው የማን ነው

ከሳሃፋ ሰፈር ወደ ባሕሪ ሰፈር በሚሄድ፣ ሃፍላ በሚሉት የከተማ አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ሐበሾች ያወሩ ነበር፤ ከወሬያቸው እንደገባኝ በየሠርጉ ኦርጋን የሚጫወቱ ሽማግሌና በቅርቡ ያገባች ሴት ናቸው።

"ጋሼ፣ ሲዲዎን ሰማሁት። ወላሂ፣ የታወቁት ዘፈኖች በጃዝ ሲሆኑ ያምራሉ።"

"የራሴዎቹስ?"

"እነሱን እያለፍኩ ነው የሰማሁት።"

"አበጀሽ። ስንት ዓመት የለፋሁባቸውን።"

"አይቀየሙኝ። ሥራ ይዤ ነው የምሰማው፤ የማላውቀው ዘፈን ሲመጣ እጄ ይሰንፋል። ይልቅ እንደ አራተኛው ያሉ የጥንት ዘፈኖችን ቢያበዙልን ይሻል ነበር።"

ዜማውን ትንሽ አንጎራጎረችላቸው።

"እሱም የራሴ ነው።"

"ተዉ እንጂ ጋሼ። ሠርጌ ላይ ሰው ሁሉ ከእርስዎ ጋር ሲያዜመው አልነበር?"

"በየሠርጉ በታወቁ ዘፈኖች መሃል እየሸጎጥኩ አስለምጃችሁ ነዋ።"

"ታዲያ ሲዲው ላይ 'ዜማ፦ ሕዝብ' ብለው ለምን ጻፉበት?"

"ስሜን ብጽፍበት እሱንም ታልፊው ነበር።"

ይህንኑ ዜማ የአያቶቻችን ነው እያልኩ ለልጆቼ ሳንጎራጉርላቸው የኖርኩት እኔ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።