ከደረጃው ስር ያለችው ቢሮ

እሺ፣ አንዴ ዝም በሉልኝማ! ከኋላ ያላችሁ የትራፊክ ሰዎች፣ ኬኩ የትም አይሄድም። ጋሼ፣ እርስዎም ቁጭ ይበሉ። ዛሬ ሽኝትዎ ነው፣ ወንበርዎን ለማንም አይለቁም።

አዲሶቹ አታውቁትምና ልንገራችሁ። የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት እኔ እዚሁ ፖሊስ መምሪያ መግቢያው ላይ ተረኛ ነበርኩ። ሥራ ከጀመርኩ ገና አራት ወሬ ነው። አንድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ረጅም ሰውዬ ሲቪል ለብሰው ገቡና ባለጉዳዮቹ ከተቀመጡበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። እኔም እንደማንኛውም ባለጉዳይ ቆጥሬያቸው ሥራዬን ቀጠልኩ። ተራቸው የደረሰው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ፎርሙን አወጣሁ።

“አቤቱታዎ ምንድን ነው?”

“ኧረ አቤቱታ የለኝም።”

“ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ?”

“ዛሬ ሥራ እንድጀምር ተመድቤ ነው። በቁመቴ ልክ ዩኒፎርም አልተገኘም፣ ነገ ይደርሳል ብለውኛል።”

“እና አራት ሰዓት ሙሉ ለምን ዝም አሉ?”

“ሰው ቀድሞኝ ነበራ!”

እኔ በሳቅ ስፈርስ እሳቸው ፈገግም አላሉ። “ይልቅ፣” አሉኝ፣ “ከጎኔ የነበሩትን ሁለት ጎረቤታሞች አትጥሪያቸው። ስለ ቧንቧው ተስማምተው ሄደዋል።” ዩኒፎርም ሳይለብሱ፣ ያልተከፈተ ፋይል ዘግተውብን አረፉ። የዚያን ጊዜው የምርመራ ኃላፊ ይህን ሲሰሙ “ይሄ ሰውዬ እንጀራችንን ሊዘጋ ነው የመጣው” ብለው ነበር።

የተመደቡት ማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ክፍል ነው። ክፍል ስላችሁ ያው ከደረጃው ስር ያለችውን ቢሮ ነው፤ ጋሼ ጎንበስ ሳይሉ የማይገቡባትን። ፓትሮል መኪና ተሰጠው፣ ትራፊክ ሞተር ተሰጠው፣ የጥሪ ማዕከሉ ሬዲዮ ተሰጠው። ለጋሼ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ሰጧቸው፣ አንዱ ወንበር ይነቃነቃል።

ስለዚህች ቢሮ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው፣ ዛሬ ግን ማንም ደፍሮ ያላነሳው ነገር አለ። ጋሼ ጡረታ እንደሚወጡ ከታወቀ ጀምሮ ቦታው በውስጥ ማስታወቂያ ሦስት ጊዜ ወጥቷል። የተመዘገበ የለም። እስከ ወሩ መጨረሻ ሰው ካልተገኘ ክፍሉ ታጥፎ ሥራው ለፓትሮል ይሰጣል። ፓትሮሎች፣ አትቀየሙኝና፣ እናንተ ማክሰኞ ማክሰኞ የሰፈር ስብሰባ ላይ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ስለ መንገድ መብራት አትሰሙም። መኪናችሁ ውጭ እየጮኸ ይጠራችኋል። ጋሼም ይህን ያውቃሉ። ባለፈው ሳምንት “አያሳስብዎትም?” ብላቸው “እኔ ከሄድኩ በኋላ ምን አገባኝ” አሉኝ። እንዲህ የሚሉኝ ግን የየሰፈሩን ተጠሪዎች ስልክ ቁጥር በንጹህ ወረቀት ላይ በትልልቁ እየገለበጡ ነው። ለማን እንደሚገለብጡ አልጠየቅኳቸውም። አንጀቴን በሉኝ።

ለጊዜው እሱን እንተወውና ወደ ሐሜታችን እንመለስ።

ጋሽ ሰላምታ የሚባሉት በከንቱ አይደለም። ከዚህ እስከ ገበያው አምስት ደቂቃ የሚያስኬደው መንገድ ከሳቸው ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ጫማ ጠጋኙን፣ የጫማ ጠጋኙን ሚስት፣ የሚስቱን ታማሚ እህት ሳይጠይቁ አያልፉም። እኛ ጋ አዲስ የተቀጠረ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር “ከጋሼ ጋር ከወጣህ ምሳህን ይዘህ ውጣ” የሚል ነው። አንድ ጊዜ ተማሪዎችን መንገድ ማሻገር ሊያስተምሩ መስቀለኛው ላይ ቆሙ። የሚያልፈው ሾፌር ሁሉ መስኮት ዝቅ አድርጎ ጤንነታቸውን ሲጠይቅ መንገዱ ተዘጋጋ። የትራፊክ ኃላፊያችን ራሱ መጥቶ እጃቸውን ይዞ ከመንገዱ አወጣቸው። ልክ ነኝ? ይኸው፣ ይስቃል።

ደግሞ “ይሄ የኛ ክፍል አይደለም” የሚለውን ነገር አይወዱም። አንዲት እናት ብስክሌታቸው በመኪና ተገጭቶ ሲወድቅ ሌላ ሰው አንስቶት ጠፋ። ትራፊክ “ስርቆት ነው፣ ምርመራ ይሂዱ” አላቸው። ምርመራ “ግጭት ነው፣ ትራፊክ ይሂዱ” አላቸው። ሴትዮዋ ደረጃውን አራት ጊዜ ወጥተው ወረዱ። ጋሼ ምን አደረጉ? ሁለቱን ኃላፊዎች “ለአንድ ደቂቃ” ብለው ከደረጃው ስር ወዳለችው ቢሮ አስገቧቸውና በሩን ከውጭ ያዙት። “ተስማምታችሁ ውጡ!” በሩብ ሰዓት ውስጥ ወጡ፣ ብስክሌቱም ተፈልጎ ተገኘ። ተስማምተው ይሁን አየር አጥሯቸው እስከ ዛሬ አልተጣራም።

አዎ፣ አዎ፣ ፊሽካውን እንዳወራ የምትጠብቁ አላችሁ፤ እያየኋችሁ ነው።

ጋሼ ለአንድ ሰፈር እናቶች አርባ ፊሽካ አደሉ። መመሪያው አጭር ነው፤ “የማታውቁት ሰው ሲመላለስ ካያችሁ ንፉ።” እኔ ያኔ ወደ ምርመራ ተዛውሬ ነበር። በዚያው ሳምንት፣ በዚያው መንገድ፣ እኛ ምርመራዎች የተሰረቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚገዛ ቤት ለመከታተል አንድ ሰው ሽንኩርት ሻጭ አስመስለን አስቀመጥን። ለጋሼ አልነገርናቸውም፣ ምስጢር ነዋ! ሽንኩርት ሻጯ እኔ ነበርኩ።

በሁለተኛው ቀን አንዲት እናት መጥተው ዋጋ ጠየቁኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። ትክ ብለው አዩኝ። ለካ የገበያውን ግማሽ ነው የጠራሁት! ፊሽካው ተነፋ። ከዚያ ከየበሩ ፊሽካ ሆነ።

“ፖሊስ ነኝ!” አልኩ።

“መታወቂያሽስ?”

“ለእንዲህ ያለ ሥራ ስንወጣ አንይዝም!”

“እንዴት ያለች ፖሊስ ናት፣ ሽንኩርት እንኳን መሸጥ የማትችል!”

ከነሽንኩርቴ አጅበው እዚህ አመጡኝ። ጋሼ ወጡ። “አውቃታለሁ፣ የኛ ናት” ሲሉ እፎይ አልኩ። ቀጥለው ግን “እናንተም የሠራችሁት ትክክል ነው” ብለው እዚያው ፊቴ አስጨበጨቡላቸው! ሁለት ሳምንት አኮረፍኳቸው። እሳቸው ምን ገዷቸው። በየጠዋቱ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው “እንደምን አደርሽ? ደህና፣ እርስዎስ? ደህና፣ ተመስገን” ብለው የኔንም ድርሻ ራሳቸው ተናግረው ያልፋሉ።

ሰኞ ጠዋት ሁሉም ክፍል ቆሞ “እኛ ዛሬ እዚህ ሰፈር ነን” የሚባባልባት የአስር ደቂቃ ስብሰባ የመጣችው ከዚያ ጉድ በኋላ ነው። ሽንኩርት ሲሸጥ የተያዘ መርማሪ ከዚያ ወዲህ የለም።

አሁን የማልስቅበትን ልናገር።

የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ ቤት ለመፈተሽ ቡድን የመራሁት እኔ ነበርኩ። በሰፈሩ የቤት ቁጥር ተቀይሮ ነበር። እኔ አላጣራሁም። የሰበርነው የአንድ አዛውንት ልብስ ሰፊና የባለቤታቸውን በር ነበር። ባለቤታቸው ደንግጠው ሲወድቁ እጃቸው ተሰበረ። እኔ ተቀጣሁ፣ መምሪያው በሩን አሠራ፣ የይቅርታ ደብዳቤ ተጻፈ። በኔ ቤት ነገሩ አለቀ። ሰፈሩ ግን ዘጋን። የጥሪ ማዕከል ሰዎች ታስታውሳላችሁ፣ አራት ወር ሙሉ ከዚያ ሰፈር አንድ ስልክ አልተደወለም።

ጋሼ መጥተው “ተነሺ፣ ሰዎቹ ጋ እንሂድ” አሉኝ።

“ደብዳቤ ጽፈናል እኮ ጋሼ።”

“አንቺ ልጅ፣ በሩን የሰበረው ደብዳቤው ነው እንዴ?”

የመጀመሪያ ቀን አልከፈቱልንም። በሁለተኛው ከፈቱና አይተውን ዘጉት። በሦስተኛው ባለቤታቸው “ግቡ በቃ፣ እግራችሁም አያሳዝናችሁም?” አሉ። ገባሁ። አጥፍቻለሁ አልኩ። ልብስ ሰፊው “ልጄ፣ ከመስበርሽ በፊት ከመካከላችን አንዱን ብትጠይቂ እኮ እንነግርሽ ነበር” አሉኝ። ቁጣ የለበትም። እዚያው ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ አለቀስኩ። ስንመለስም ጋሼ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ሰላም ከማለት በቀር ምንም አላሉኝም።

በሳምንቱ ከዚያ ሰፈር ስልክ ተደወለ። አንድ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አባት ከቤት ወጥተው ጠፍተዋል። ፓትሮል ሲደርስ የሰፈሩ ሰው ወጥቶ እየጠበቀ ነበር፤ አብረው ፈለጉ፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ከግንባታ ጉድጓድ አፍ ላይ አገኟቸው። ባይደወልልን ኖሮ እያልኩ ዛሬም ይዘገንነኛል። ጋሼ፣ ይህን ፊት ለፊት አመስግኜዎት አላውቅም። ከልቤ አመሰግናለሁ። ሥራዬን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

እትዬ፣ እርስዎንም። በየማክሰኞው እራት ከድነው ጠብቀዋል። ባልዎን ያዋሱን እርስዎ ነዎት፣ ይኸው ትንሽ አስረጅተን መለስንልዎት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዛሬ ጠዋት አዛዣችን ቢሮ ገብቼ ነበር። “አንቺ የምርመራ ምክትል ኃላፊ ነሽ፣ እድገትሽ ደርሷል። አስበሽበታል?” አሉኝ። “ስድስት ዓመት አስቤበታለሁ” አልኳቸው። ዝውውሬን ፈረሙ። ጋሼ፣ ከሰኞ ጀምሮ ከደረጃው ስር የምቀመጠው እኔ ነኝ። ክፍሉ አይታጠፍም።

ኧረ አይነሱ! እሺ፣ ይነሱ። ምን አሉኝ? ከኋላ አልተሰማም መሰለኝ። “የማክሰኞው ስብሰባ አስራ አንድ ሰዓት ነው፣ እንዳታረፍጂ” ነው የሚሉኝ። የምስጋና ንግግራቸው ይኸው ነው፣ ላልጠረጉት እንባቸው ግን ምስክሮቼ እናንተ ናችሁ።

አላረፍድም ጋሼ። በሉ ሁላችሁም ብርጭቆ አንሱ፤ ትራፊክም አንሱ፣ ፓትሮልም፣ ተረኛው ሬዲዮውን ትተህ ና። ጤና ይስጥዎ፣ እድሜ ይስጥዎ፣ ሰባቱም ቀን የእርስዎና የእትዬ ይሁን። ማክሰኞ በኔ ነው፣ አይሥጉ። ለጋሼ!