ቃሬዛውን የመለሱት የኔታ

የኔታ ባንተአምላክ ቢሻው ከአባታቸው ከአቶ ቢሻው አድማሱ፣ ከእናታቸውም ከወይዘሮ ታይቱ ይመር በ1947 ዓ.ም. ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ተወለዱ። ከደብራቸው ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ቅኔም ከተቀኙ በኋላ ወደ ጎንደር ተሻግረው የብሉያትን ትርጓሜ ሰባት ዓመት ተማሩ፤ ተመልሰውም በዚሁ በደብራቸው ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ ከነቢያት ሁሉ ኢሳይያስን፣ ከኢሳይያስም እግዚአብሔር ዙሪያውን ተመልክቶ የሚረዳ ባጣ ጊዜ በገዛ ክንዱ አዳነ የሚለውን ቃል አብልጠው ይወዱ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ወይዘሮ ስሜነሽ አስማረን በተክሊል አገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ የበኩር ልጃቸው ምጥ በጸና ጊዜ ጎረቤታቸው አቶ ይኸነው ጥሩንባ አስነፍተው የሰፈሩን ወንዶች ከነቃሬዛው ደጃፋቸው ላይ ቢያቆሙም፣ የኔታ መድኃኒት ያለ ሰው እጅ ይመጣል ብለው፣ መጽሐፋቸውን እንደ ያዙ መለሷቸው። ሕፃኑ ሞተ። ወይዘሮ ስሜነሽ በተረፉ ጊዜ፣ እግዚአብሔርማ ሰው ልኮ እንደ ነበረ፣ ደጅ ወጥተው የመለሱት ግን የኔታ ራሳቸው እንደ ሆኑ ነገሯቸው። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ተናግረው ዳግመኛ አላነሡትም፤ የኔታ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲሰሙት ኖሩ።

ከዚያ ወዲህ ያ የሚወዱት ቃል ፍርሃት ሆነባቸው። ማዳኑ የእግዚአብሔር ክብር፣ ረዳት መጥፋቱ ግን የሰው ነውር ነው እያሉ አስተማሩ፤ ጥሩንባ በተሰማ ቁጥርም ትርጓሜውን ከመካከል አቋርጠው ቃሬዛ ሥር ይገቡ ነበር። ቁመታቸው አጭር ስለ ነበር ቃሬዛው ወደ እርሳቸው እያዘመመ በሽተኛው እንደሚቸገር እኛ የሰፈሩ ሰዎች ብንነግራቸው፣ በማግስቱ ትከሻቸው ላይ ጋቢ ደራርበው መጡ እንጂ አልቀሩም።

በዚህ በሰኔ ጽኑ የሆድ ሕመም ጣላቸው። ሐኪም ቤት ወዳለበት ወደ ቆሰበር የሚወስደው መንገድ በተኩስ ተዘግቶ፣ ኔትወርክም ጠፍቶ ነበርና፣ በእኔ የተነሣ የሰው ልጅ ጥይት እንዳያገኘው ብለው ጥሩንባ እንዳይነፋ ከለከሉ። ወይዘሮ ስሜነሽም በአርባ ሦስት ዓመት ትዳራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የባላቸውን ቃል አፍርሰው ጥሩንባውን አስነፉ። ተሸክመናቸው ስንሄድ ተኩስ በተሰማ ቁጥር ቃሬዛውን ከጥሻ ውስጥ አውርደን እንጠብቅ ነበር፤ ፈርተናል፣ ይህን አንደብቅም። የኔታ ግን ስለ ሕመማቸው አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ከቃሬዛው ሥር ማን ማን እንዳለ በስም እየጠየቁ ለእያንዳንዳችን ይጸልዩልን ነበር። ቆሰበር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በሰባ ዓመታቸው በትከሻችን ላይ ሳሉ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ስሜነሽን፣ ልጆቻቸውን አቶ ፀጋውንና ወይዘሮ ትርሲትን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና ብዙ ደቀ መዛሙርትን ትተው አልፈዋል። አቶ ፀጋው ከዳንግላ መነሣቱን እንጂ የት እንደ ደረሰ እስከዚህች ሰዓት አልሰማንም፤ ይህን ስናነብም ዓይናችን ከመንገዱ ላይ ነው።

አምላክ ለመንገደኛው ልጃቸው መንገዱን ይክፈትለት፣ ለወይዘሮ ስሜነሽም መጽናናትን ይስጥልን። የኔታን እኛ እስከ መቃብሩ አፋፍ ተሸክመናቸዋል። ከዚህ ወዲያ የሰው ትከሻ አይደርስምና፣ ረዳት የማያሻው ጌታ ነፍሳቸውን በገዛ ክንዱ ይቀበልልን። አሜን።