የሸማኔ ልጅ ክርክር

ከሲቀላ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪ ደብተሯን ይዛ ታነበንባለች። ጎኗ ያሉት ሽማግሌ ሲያናግሯት፣ መንገዱ ስለሰለቸኝ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

«ጸሎት ነው ልጄ?»

«ኧረ አይደለም አባባ። የክርክር ትምህርት ነው። አቋም፣ ማስረጃ፣ ማስተባበያ።»

«ከማን ጋር ልትከራከሪ?»

«ከአባቴ ጋር። ሽመና አስተምረኝ ልለው ነው።»

«ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እኔም ሸማኔ ነኝ።»

«እሱም እንደዚሁ ነው የሚለው።»

«እሺ፣ እኔን አባትሽ አድርጊኝ። አቋምሽ?»

«ሸማኔ መሆን እፈልጋለሁ።»

«ማስረጃሽ?»

«ወንድሞቼ አዲስ አበባ ገቡ። ከአንተ የሚረከብ የለም።»

«ማስተባበያሽስ?»

«የድሮ አስተሳሰብ ነው እለዋለሁ።»

«በዚህማ ተሸነፍሽ። እኔ የአገር ሽማግሌዎች ለሸንጎ በሚቀመጡበት ዱቡሻ ላይ ስናገር፣ መጀመሪያ የባላጋራዬን ሐሳብ እናገርለታለሁ። ‹አዎ፣ እንደሱ ነው ያልኩት› እስኪለኝ መልስ አልሰጥም። ይሄ ደብተርሽ ላይ አለ?»

«የለም።»

«ጻፊውና ከዚያ ጀምሪ።»

ጽፋ ስትጨርስ ወደ እሳቸው ዞረች።

«አባዬ፣ ሙያውን ከአባትህ ተቀብለህ ለወንድ ልጅ ላወርስ ብለህ ነው የለፋኸው። ጥለውህ ሲሄዱ ከፋህ። እኔ ላይ ደግሞ ሰው እንዳይስቅብኝ ፈርተሃል። እንደሱ አይደል?»



«አዎ። እንደሱ ነው።»

«እንግዲያው የሚስቁት የሸመንኩትን ጋቢ እስኪያዩ ነው።»

«አባትሽ እምቢ ካለ፣ ቤቴ ዶርዜ ነው። እኔ አስተምርሻለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ አባባ። ግን እምቢ አይለኝም።»

እኔም ከኋላቸው ሆኜ፣ ክርክሩን የረታሁት እኔ ይመስል ወገቤን አቀናሁ።