ከኮሪደሩ ማዶ ያሉት

ዕድሜውን ሙሉ የገነባውን ሥራ ለማን ላስረክብ እያለ የሚጨነቅ ሰው ካለ፣ ይህችን የጋሼ ሽቅብን ወሬ ተረጋግቶ ይስማ።

ጋሼ ሽቅብ አሳንሰር የሚተክልና የሚጠግን ድርጅት ባለቤት ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ሠራተኞቻቸው ናቸው፤ «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «ሽቅብ ነው!» ብለው ስለሚመልሱ። ታዲያ በዚያ ሰሞን ነገሩ ቁልቁል ሆነባቸው። ልባቸው ታሞ ማክሰኞ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ነው፤ ቢድኑም ሥራው ይብቃዎት ተብለዋል። ስለዚህ ሰኞ ሠራተኛው በተሰበሰበበት «ከእኔ ቀጥሎ የሚመራችሁ እገሌ ነው» ብለው ስም መጥራት አለባቸው። ሰው መምረጥ ከሳቱ የሚጎዳው ድርጅቱ ብቻ አይደለም። ስንቱ እናት፣ ስንቱ ሕፃን በእነዚያ ገመዶች ላይ ተንጠልጥሎ ነው በየቀኑ የሚወጣ የሚወርደው።

ቅዳሜ ጠዋት ሐኪሙ እንዳዘዛቸው በእግራቸው ወዲያ ወዲህ ሲሉ ዝናብ ያዛቸው። እንዳይበሰብስባቸው ባርኔጣቸውን ኮታቸው ውስጥ ሸሽገው፣ በራሰ በራቸው እየሮጡ አንድ ባለብዙ ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ በር ሥር ተጠለሉ። ወዲያው በሩ ተከፈተና ነጠላ ጫማ ያጠለቀች ሴት የቆሻሻ ከረጢት ይዛ ብቅ አለች። የወንድማቸው ልጅ ናት፤ በድርጅታቸውም የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ።

«ውይ ጋሼ! ምነው እንደ ዘበኛ በር ላይ ቆሙ?»

«አንቺ ነሽ እንዴ? ቤትሽ እዚህ ነው?»

«ስንት ጊዜ ይምጡ ብዬዎታለሁ፤ ሁልጊዜ መልስዎ ‹ነገ› ነው።»

«እንግዲህ የአጎትሽን ነገ ዝናቡ አመጣው።»

ሽቅብ ሲወጡ እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን በአሳንሰሩ ግድግዳ ላይ አሳርፈው አዳመጡ። ጤነኛ ነው። ደስ አላቸው።

የልጅቷ ቢሮ የሚባለው ከመኝታ ቤቷ ጥግ ያለ ጠረጴዛ ነው። በላዩ ኮምፒውተር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ግማሽ ድረስ የተበላ ብስኩት፤ ከመስኮቱ መያዣ ላይ ደግሞ ሊደርቅ የተሰጣ ሸሚዝ። ጋሼ ሽቅብ ሸሚዙን አይተው፣ ኮምፒውተሩን አይተው፣ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ደመወዝ የምከፍልሽ እዚህ ተቀምጠሽ ነው?»

«አልፎ አልፎ ተኝቼም ነው» አለችና ሻይ አቀበለቻቸው። «ለመሆኑ ለሰኞ ማንን አሰቡ?»

«ማን ይሆናል? ሎጋው ምክትሌ ነዋ።»

«ምን አይተውበት ነው?»

«ምን አላየሁበትም በይኝ! ከእኔ ቀድሞ ይገባል፤ ከእኔ በኋላ ይወጣል። ሰው አመራረጤን ታውቂያለሽ። የቢሮዬን በር ክፍት አድርጌ በኮሪደሩ የሚያልፈውን አያለሁ። ማን ጎራ ብሎ ይጠይቀኛል፣ ማን ሹክክ ብሎ ያልፋል፣ ማን ሲናደድ በር ያላትማል፤ ሰው የሚታወቀው በዚህ ነው። የክፍል ኃላፊዎቹን ሁሉ የመረጥኩት በዚህ ዓይኔ ነው። ተሳሳትኩ?»

«ያኔ አልተሳሳቱም።»

«‹ያኔ› ስትዪ ነገር አለሽ።»

«አለኝ። ቢቆጡም እላለሁ።»

«ሐኪሙ እንዳትቆጣ ብሎኛል። ዛሬ ያሻሽን ተናገሪ፤ ዕድልሽ ነው።»

ሳቀችና ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «ያኔ ሰው ሁሉ በአንድ ሕንፃ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ከየቤቱ፣ ከየከተማው ነው የሚሠራው። ዓይንዎ አልደከመም፤ ኮሪደሩ ነው የተራቆተው። በዚያ የሚያልፉት ቤታቸው ለቢሮው የቀረበ ጥቂት ሰዎች ናቸው። እርስዎ መሪ የሚመርጡት ከድርጅቱ ይመስልዎታል እንጂ ከኮሪደሩ ነው።»

«የማላየውን ሰው እንዴት ልመን?»

«የሚያዩትስ? ሎጋው እስከ ዛሬ ምን መርቶ አሳየዎት?»

«እሱማ... ቀጠሮዬን ያስታውሰኛል። ስብሰባ ላይ ደግሞ...» ጋሼ ሽቅብ ቆም አሉ። «መነጽሬ ሲጠፋ የት እንዳለ ያውቃል።»

ተያዩና ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሽማግሌው ፊታቸው ከበደ።

«እሺ፣ አንቺም መልሺልኝ። እኔ ሥራዬን የተማርኩት በመምህሬ ሳል ነው። አንዴ ካሳለ ‹ቀስ በል› ማለቱ ነው፤ ደጋግሞ ካሳለ ‹እጅህን አንሳ!›። ቤቱ ተዘግቶ የተቀመጠ ሠራተኛ የማንን ሳል ይስማ? የነገው መሪ ከየት ይብቀል?»

ይህ ጥያቄ የዋዛ አልነበረም፤ ልጅቷም አላቀለለችውም። «እዚህ ላይ እውነት አለዎት» ልትላቸው አፏን ስትከፍት ኮምፒውተሩ ጮኸ።

«ይቅርታ ጋሼ፤ አንድ ቦታ አሳንሰር ቆሟል። ጥሪው ሲመጣ እየገባሁ አዳምጣለሁ። ማን እንዴት እንደሚመራ የማየው በዚህ ነው።»

ስክሪኑ ላይ ፊቶች ተደረደሩ። በአንድ ሩቅ ከተማ አባትና ትንሽ ሴት ልጁ በሁለት ፎቅ መሃል ቆመው ቀርተዋል። አባትየው በአሳንሰሩ የድንገተኛ ስልክ ይጮኻል፣ በሩን ይደበድባል። አዲስ የተቀጠረች ቴክኒሻን ስልኳን ደረቷ ላይ ሰክታ ከላይ የሞተሩ ክፍል ውስጥ ናት፤ አጠገቧ አንድ አንጋፋ ጠጋኝ ቆሟል። ጥሪውን የምትመራው ሴት ደግሞ ከሌላ ከተማ፣ ከራሷ ሳሎን ነች። ከበስተኋላዋ አልጋ ይታያል፤ አልጋው ላይ አንዲት አሮጊት ተኝተዋል።

«ረጋ በሉ» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «አባት፣ ከበሩ ራቅ ይበሉልኝ። የኔ ቆንጆ፣ አንቺስ ምን ይዘሻል?»

«ኬክ» አለ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ። «አባዬ እየጨፈለቀው ነው።»

«ውሰጂበት! ሁለት እጅሽን ከሥሩ አድርጊ። ጎበዝ። ኬኩ ሳይነካ ትወጪያለሽ።»

ከዚያ ወደ ሞተሩ ክፍል ዞረች። ‹ይህን አድርጊ› አላለችም። «ምን ይታይሻል?» ነው ያለችው።

አዲሷ ተናገረች። አንጋፋው ግን እጁን ሰነዘረ፦ «ተይው፣ እኔ ልጨርሰው!»

«አንጋፋው ጋሼ፣ ለእሷ ይተዉላት። እርስዎ ዓይንዎን ብቻ ያውሷት። እሺ እህቴ፣ ቀጥሎስ?»

አዲሷ ማንም ሳያስታውሳት መጀመሪያ ኃይሉን ቆረጠች። ከዚያ ፍሬኑን ላላ አድርጋ፣ መልሳ ያዝ፤ ላላ አድርጋ፣ መልሳ ያዝ። አሳንሰሩ እንደሚያንቀላፋ ሰው ቀስ እያለ ወርዶ ከወለሉ ጋር ተስተካከለ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተሰማው የትንሿ ልጅ ድምፅ ነው፦ «ኬኩ ደህና ነው!»

ጋሼ ሽቅብ ሻያቸው በእጃቸው እንደያዙት ቀዝቅዟል። በሦስት ቦታ ተበታትነው በአንድ እጅ የሠሩትን ሰዎች እያዩ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜያቸው አላዩም።

«ማን ናት እሷ?» አሉ በሹክሹክታ፣ ቤተ መቅደስ የገቡ ይመስል።

«ሠራተኛው ‹ረጋ በሉ› ነው የሚላት። ከእኛ ጋር ብዙ ዓመቷ ነው። እናቷ የአልጋ ቁራኛ ስለሆኑ ከቤት ትሠራለች።»

«ታዲያ እንዴት አላየኋትም?»

«በኮሪደሩ አልፋ አታውቅማ።»

ጋሼ ሽቅብ የቀዘቀዘውን ሻይ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያ ሽማግሌው እንዲህ አሉ፦ «ጥሪውን መምራቷ አይደለም የገረመኝ። እኔ ብሆን ‹ልቀቂ› ብዬ በራሴ እጅ ነበር የምጨርሰው። እሷ ግን እሳቱ ውስጥ ሆና ሰው ታሠለጥናለች! ቆይ፣ ያቺ አዲሷስ ኃይል መቁረጡን በስክሪን ተማረችው?»

«የለም። እዚህ ላይ የረቱት እርስዎ ነዎት፤ ቅድም ልነግርዎት ነበር። ከዚያ አንጋፋ ጎን ለወራት ቆማ ነው የተማረችው፤ ሳሉንም ጭምር። ግን ዝም ብሎ አልሆነም፤ ረጋ በሉ አስባ ነው ያገናኘቻቸው። ልዩነቱ ይኸው ነው ጋሼ። ድሮ አብረን ስንውል እንዲሁ ይመጣ የነበረው ነገር፣ ስንራራቅ ታስቦ ካልተደረገ አይመጣም። አዲሱን ከአንጋፋው ጋር ማጣመር፣ ሁሉንም በተራ ማስመራት፣ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ በአካል ማገናኘት። ለወንበር ስንመርጥ ደግሞ ማን ይታየናል ሳይሆን ማን ምን ሠራ፣ የተመሩትስ ምን ይላሉ ብሎ መጠየቅ። ጠይቄያለሁ፤ ብዙዎቹ የሚጠሩት እሷን ነው።»

እውቀት ማለት እንዲህ ነው ወገኖቼ። ያስተማሩት ልጅ መልሶ ሲያስተምር መስማት ለሽማግሌ ቀላል አይደለም፤ ጋሼ ሽቅብ ግን አደረጉት። «ሎጋውን ምን ብዬ ቅስሙን ልስበረው?» ብቻ ነው ያሉት።

«እንደ አባት ይንገሩት» አለቻቸው።

እሑድ ምክትሉን ቤታቸው ጠሩት። ያ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ። እየተጨነቁ ነገሩት። ሰምቶ ሲያበቃ ከእግሩ እስከ ራሱ ያለውን ትንፋሽ ሁሉ አወጣው።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ!»

«ምን?»

«መንታ ልጆች አሉኝ። አንዱ ሲተኛ አንዱ ይነሣል። ቢሮ ቀድሜ የምገባው ለጸጥታ ስል ነው። እርስዎ እያደነቁኝ ሲሄዱ፣ አልፈልግም ማለቱ ከበደኝ።»

ሽማግሌው ደረታቸውን ይዘው ሳቁ። «ቀስ፣ ልቤን ትገድላታለህ! ታዲያ የምትፈልገው ምንድን ነው?»

«ሰው ማገናኘት። ያቺ ያሏት ማጣመር፣ ያ በአካል መገናኘት፤ እሱን ለእኔ ይስጡኝ።»

ሰጡት። ከዚያ ስልክ አነሡና ለረጋ በሉ ደወሉ። ሐሳባቸውን ሲነግሯት ያቺ የማትናወጥ ድምፅ ተናወጠች።

«ጋሼ፣ ክብሩ ይበዛብኛል። ግን እናቴን ጥዬ መምጣት አልችልም።»

«ማን ነይ አለሽ ልጄ? ካለሽበት ሆነሽ ምሪ።»

ከወዲያ በኩል ወንበር ስባ ስትቀመጥ ተሰማ። በኋላ «ለእናቴ እንድነግራት ይፈቅዱልኛል?» አለች።

ሰኞ ጠዋት የወንድማቸው ልጅ ኮምፒውተሩን ከፊታቸው አቀናችላቸው። ፊቶቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ እየበዙ፣ እየበዙ፣ ስክሪኑን ሞሉት። በአንዱ መስኮት ዝናብ ይወርዳል፣ በሌላው ፀሐይ ዓይን ይወጋል፣ በሌላው ጉም ነው። አንዷ ሕፃን ታጠባለች፤ አንዱ ከጣራ ላይ ሆኖ ነፋስ ያወዛውዘዋል።

«ይህ ሁሉ ሰው የእኛ ነው?» አሉ ጋሼ ሽቅብ።

«የእኛ ነው።»

«ስንት ዓመት ሙሉ ጥቂቱን ብቻ ሳይ ኖሬያለሁ!»

ከዚያ ተናገሩ። ከእንግዲህ መሪ የሚታጨው በቅርበት ሳይሆን በሥራው መሆኑን፤ እናቷን የምታስታምም፣ ሩቅ አገር የሚኖር፣ ማንም ሳይቀር በተራው የሚመራበት ቀን እንደሚያገኝ፤ እንዲህ ሲሆን ድርጅቱ አንድ ሰው ታመመ ብሎ እንደማይናጋ፣ አዲሱም ተስፋ ቆርጦ እንደማይሄድ። የምክትሉን ሥራ ነገሩ፤ የመሪዋን ስም ጠሩ። ስሟ ሲጠራ ከበስተኋላዋ ካለው አልጋ ቀጭን እልልታ ተሰማ።

ሽማግሌው ያን ጊዜ መቀመጥ አቃታቸውና ለአክብሮት ብድግ አሉ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ! የሚታየው የሹራብዎ ቁልፍ ብቻ ነው» ብላ የወንድማቸው ልጅ እጃቸውን ሳበች።

ግን ረፍዷል። ከየከተማው ያለው ሰው ሁሉ ባለበት ተነሥቷል። ስክሪኑ በሆድና በቀበቶ፣ በቱታና በቤት ሱሪ ተሞላ። አንድም ፊት አይታይም። ጋሼ ሽቅብ ግን እያንዳንዱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ ዓይናቸውን ጠራርገውም እንደገና ተመለከቱት።