ማኅደር የለበሰው ሬዲዮ

ዓመቱን በውል አላስታውሰውም፤ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በአውቶቡስ ስንሄድ ነው። ከፊቴ አንድ መሪጌታና አንዲት አስተማሪ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ልጄ የላከልኝ ሬዲዮ ድምፁ ጠፋ። ለፋሲካ ሲመጣ ‹አባቴ ሰበረው› ሊል ነው።»

«ባትሪው አልቆ ይሆናል፣ የኔታ።»

«ባትሪ የለውም። ጀርባው ላይ ባለው መስታወት ከፀሐይ ነው የሚበላ ብሎኛል።»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

«እነሆ። አቧራ እንዳይነካው እንደ ዳዊቴ የቆዳ ማኅደር ሰፋሁለት።»

«ውይ የኔታ! ሬዲዮውንም አስጾሙት? በሉ አውጡና ወደ መስኮቱ ያዙት።»

አወጡት፤ ወዲያው ዘፈን ለቀቀ።

«እሰይ! ዳሩ በዐቢይ ጾም ዘፈን?»

«ለተራበ ምን ይደረጋል!»

«የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ፤ በጸሎት ላስብሽ።»

«ወለተ ማርያም።»

እኔም ከኋላቸው ሆኜ፣ ጥላው ሬዲዮው ላይ እንዳያርፍ ባርኔጣዬን ቀስ ብዬ አወለቅሁ።