የፊልትሮው ቦታ

(ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ ጋራዥ፣ ረፋድ፤ የፊዚክስ መምህርቷ አትጠገብና የእናቷ ወንድም መካኒኩ አያልነህ፣ ሸራ ለብሳ በቆመች አሮጌ ፒካፕ አጠገብ ይሟገታሉ።)

አትጠገብ፦ ሸራውን ይግፈፉት አልኩ እኮ ጋሼ! ስለምንዎ ይሄ ሦስተኛዬ ነው።

አያልነህ፦ እኔም ሦስት ጊዜ አይሆንም ብያለሁ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው መኪና አይነካም።

አትጠገብ፦ ይሄ ደግሞ የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው የተጻፈው?

አያልነህ፦ አንቺ ያላነበብሽው ላይ።

አትጠገብ፦ እኔ ያላነበብኩትን እርስዎ ካነበቡ ዓለም ሊያልፍ ነው። ኮፈኑን ከፍተው የናፍጣ ፊልትሮው የት እንዳለ ያሳዩኝ። ሌላ ነገር አልጠየቅኩም።

አያልነህ፦ የፊዚክስ መምህር ከፊልትሮ ጋር ምን አገናኛት? ጠመኔሽን ይዘሽ ወደ ክፍልሽ!

አትጠገብ፦ መንዳት ልማር ነው። «የሚነዳ ሰው የመኪናውን ሆድ ዕቃ ይወቅ» የሚሉት እርስዎ አይደሉም? ወንድሜን አንማውን ሲያስተምሩት እኔም ቆሜ እሰማ ነበር።

አያልነህ፦ አንማው ተምሮ ምን ፈየደ!

አትጠገብ፦ ምን አሉ?

አያልነህ፦ ምንም። የእናታችሁን ነፍስ ይማር አልኩ።

አትጠገብ፦ አላሉም። «ተምሮ ምን ፈየደ» ነው ያሉት። ሠላሳ ስምንት ቀን ሙሉ መንደሩ ወንድሜን ሲያኝከው የከረመው አንሶ፣ እርስዎም ጥርስዎን ይስሉበታል?

አያልነህ፦ እኔ ምን አደረግኩ? ራሱ ነው በእድርተኛው ፊት ቆሞ የተናገረው። «ከመንገድ ዳር በጀሪካን የገዛሁት ናፍጣ ውሃ ነበረበት። አባይ በረሃ ላይ መኪናዋን ያቆማት እሱ ነው። እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

አትጠገብ፦ ምን ያድርግ ታዲያ? ከፍኖተ ሰላም ገና በዚያው ጠዋት መግባቱ ነው። እማዬ «ዛሬውኑ አዲስ አበባ ትድረስ» ተብላ ሪፈር ተጽፎላታል፤ ማደያው ደርቋል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

አያልነህ፦ መቼ ፈረድኩበት? «ናፍጣው ነው» ነው ያልኩት።

አትጠገብ፦ ይሁን፤ ናፍጣው ነው። እንግዲህ ያስተምሩኝ። ውሃ ያለበት ናፍጣ የነዳጅ ቋቱ፣ ሰልባትዮው ውስጥ ቢገባ፣ ወደ ሞተሩ ሳያልፍ የሚያስቀረው ምንድን ነው?

አያልነህ፦ ፊልትሮ ነዋ።

አትጠገብ፦ የት ይገኛል?

አያልነህ፦ እንደ መኪናው ነው። የቤንዚን ከሆነች አንዳንዷ ከወለሏ ሥር፣ አንዳንዷ ሰልባትዮዋ ውስጥ ትደብቀዋለች። እንዲህ እንደዚች የናፍጣ ከሆነች ግን ኮፈኑ ሥር ነው። የናፍጣውን ቱቦ እየዳበስሽ ብትከተይ፣ ፓምፑ ጋ ሳትደርሺ ታገኚዋለሽ። የወተት ጣሳ ያክላል።

አትጠገብ፦ ውሃውስ?

አያልነህ፦ ውሃ ከናፍጣ ይከብዳል፤ ይሄን እንኳ አንቺ ለእኔ ብታስተምሪኝ ይሻላል። ታች ይዘቅጣል። ከሥሩ ማፍሰሻ ብሎን አለች፤ ላላ ታደርጊያትና ውሃው ወርዶ ጥሩ ናፍጣ ሲመጣ መልሰሽ ታጠብቂያታለሽ።

አትጠገብ፦ በስንት ጊዜ?

አያልነህ፦ ደህና ናፍጣ ከሆነ በወር አንዴም ይበቃል። የጀሪካን ከሆነ በየቀኑ። ፊልትሮው ራሱ ደግሞ በየአሥር ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ትምህርቱ አለቀ፤ ደወሉ ተደወለ፤ ሂጂ።

አትጠገብ፦ ደህና መምህር በተግባር ሳያሳይ አያሰናብትም። ይክፈቱት።

አያልነህ፦ አንቺ ልጅ! እህቴ የሞተችባት መኪና እኮ ናት! ነፍሷ የወጣው እዚያ ወንበር ላይ ነው። ጎትተው ካመጧት ጀምሮ አንድ ቀን ልቀርባት አልቻልኩም። ልብ የለሽም?

አትጠገብ፦ ልብማ አለኝ፤ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። ጭንቅላቷ እኔ ጭን ላይ ነበር። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። ሙቀቱ ድንጋይ ይሰነጥቃል። «ደረስን ወይ?» አለችኝ። «አዎ፣ ደርሰናል» አልኳት። ዋሸኋት። በዚህ ሞት እኔ የዋሸሁት ይቺን አንዲት ቃል ነው፤ የእርስዎን አላውቅም።

አያልነህ፦ ምን ለማለት ነው?

አትጠገብ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። የዚችን መኪና ፊልትሮ መጨረሻ የቀየሩት መቼ ነው?

አያልነህ፦ አጥቤዋለሁ።

አትጠገብ፦ መቀየሩን ነው የጠየቅኩት።

አያልነህ፦ በከተማው ፊልትሮ ጠፍቶ የምን መቀየር ነው! በቤንዚን አጥበን፣ በኮምፕረሰር ነፍተን መልሰን እንገጥመዋለን። እኔ ያመጣሁት አይደለም፤ አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው።

አትጠገብ፦ አገሩ ሁሉ! ሁሉም የሚያጠፋው ጥፋት ባለቤት የለውማ! ውስጡ ወረቀት አይደለም እንዴ? ወረቀት ስንት ጊዜ ይታጠባል?

አያልነህ፦ ሁለቴ ይችላል።

አትጠገብ፦ በሦስተኛውስ?

አያልነህ፦ ይቀደዳል።

አትጠገብ፦ የእማዬ ስንተኛው ነበር?

አያልነህ፦ ምን ታፋጥጪኛለሽ? ፖሊስ ነሽ? ዳኛ ነሽ? አባታችሁ ሲሞት በዚህ እጄ ያሳደግኳችሁ እኔ ነኝ!

አትጠገብ፦ አሳድገውናል። የመጀመሪያ ጫማዬን እርስዎ ነዎት የገዙልኝ። ለዚህ ነው ፖሊስ ጣቢያ ሳልሄድ እዚህ የመጣሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ጋሼ። ስንተኛው ነበር?

አያልነህ፦ ሦስተኛው።

አትጠገብ፦ ተቀደደ?

አያልነህ፦ ተቀደደ።

አትጠገብ፦ ከዚያስ?

አያልነህ፦ ዳይሬክት አደረግኩት።

አትጠገብ፦ በእኔ ቋንቋ ይንገሩኝ።

አያልነህ፦ ፊልትሮውን አወጣሁና ቱቦውን በቱቦ ቀጠልኩት። ናፍጣው ከነቆሻሻው ቀጥታ ወደ ፓምፑ ይሄዳል። ለሦስት ቀን ብዬ ነው አትጠገብ! ሰኞ ከአዲስ አበባ ይመጣልኛል፤ እገጥመዋለሁ፤ እስከዚያ ሰው ለምን አስደነግጣለሁ ብዬ።

አትጠገብ፦ ሰኞ ሳይመጣ ቀረ?

አያልነህ፦ መጣ።

አትጠገብ፦ መጣ?

አያልነህ፦ አንድ መንገደኛም አብሮ መጣ። ልጆቹን ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ፣ የማላውቀው ሰው። የሚገጥምለት ያው ፊልትሮ ነው። እናትሽ ይታይሽ ጋ ደወልኩ። «እኛ ዘመድ ነን፣ እንጠብቃለን፤ እንግዳውን አሳልፈው» አለችኝ። መኪናዋ ያለ ፊልትሮ መሆኗን አልነገርኳትም። ብነግራት ኖሮ እንዲያ አትልም ነበር። ከዚያ በኋላ ሰኞው ሌላ ሰኞ እየወለደ ሄደ።

አትጠገብ፦ እሷን ጭነን የወጣን ዕለትስ? ለምን አልደወሉም?

አያልነህ፦ መኪና ሥር ተኝቼ ነበር። መሄዳችሁን የሰማሁት እኩለ ቀን ሲቃረብ ነው። ስልኩን አነሳሁ። «ዳይሬክት ናት፤ ቁሙ» ልል። ከዚያ «ምናልባት ታደርሳቸው ይሆናል» አልኩና መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

አትጠገብ፦ ያን ሰዓት ገና ደጀን ነበርን ጋሼ። ሻይ ልግዛላት ብዬ ወርጄ ነበር። ደጀን ላይ እሷን የምናዛውርበት መኪና ሞልቶ ነበር።

አያልነህ፦ በቃሽ።

አትጠገብ፦ አይበቃኝም! አንማው በእድርተኛው ፊት ያን ሲናገር የት ነበሩ?

አያልነህ፦ አጠገቡ።

አትጠገብ፦ ምን አሉ?

አያልነህ፦ አፌን ልከፍት ነበር። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ፤ ወደ እኔ የዞረ አልነበረም። ዝም አልኩ። አንዴ ዝም ካልሽ በኋላ መናገር እያደር ይከብዳል።

አትጠገብ፦ ይኸው ነው እኛን የፈጀን! «ለጊዜው» እያልን እንቀጥላለን፤ የቀጠልነው ሲበጠስ ደግሞ ጎንበስ ያለ ሰው ፈልገን እንጭንበታለን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ መፈታቱን የማያውቅ የለም፤ የተፈታው የእኔ ነው የሚል ነው የጠፋው።

አያልነህ፦ ስደቢኝ። ይገባኛል።

አትጠገብ፦ ስድብማ ለእርስዎ ዕረፍት ነው። አንማው ከቀብሯ ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሰም። ሱሪው በሲባጎ ታስሮ ነው የሚቆመው። በመንገድ ሲያልፍ ሕፃናት እንኳ «ጀሪካን» ይሉታል። ያውቃሉ?

አያልነህ፦ አይቼዋለሁ።

አትጠገብ፦ ከነገ ወዲያ አርባዋ ነው። ቀሳውስቱም እድርተኛውም ይሰበሰባሉ። ቆመው ይናገራሉ?

አያልነህ፦ አትጠገብ፣ የእኔ ልጅ፣ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ በዚህ ከተማ ያለኝ ስሜ ብቻ ነው። «እህቱን የገደለ መካኒክ» ከተባልኩ ወዴት እገባለሁ? አንማው ልጅ ነው፤ ይረሳለታል።

አትጠገብ፦ ይረሳለታል!

አያልነህ፦ ደግሞም አያውቅም። የሚወደው አጎቱ እንዲህ እንዳደረገው ቢሰማ ይብስበታል እንጂ ይሻለዋል? ዝም ያልኩት ለእሱም ብዬ ነው።

አትጠገብ፦ ያውቃል።

አያልነህ፦ ምን?

አትጠገብ፦ ዳገቱ ላይ ኮፈኑን የከፈተው እሱ ነው። እርስዎ እንዳስተማሩት ውሃውን ሊያፈስ እጁን ሰደደ፤ ፊልትሮው የለም። ቱቦ በቱቦ ተቀጥሏል፤ አስተሳሰሩም የእርስዎ ነው። ኮፈኑን ዘግቶ መጣና «ናፍጣው ነው» አለኝ።

አያልነህ፦ እያወቀ ነው? ያን ሁሉ ሰው ፊት እያወቀ ነው የቆመው?

አትጠገብ፦ የነገረኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ካልበላህ ልሙት ብዬ ስይዘው። «እናቴን ቀብሬያለሁ፤ አጎቴን በቁሙ አልቀብርም» አለኝ። ለእርስዎ እንዳልነግር በእማዬ አስምሎኛል። መሐላዬን አፍርሼ ነው የመጣሁት፤ እሱ እርስዎን ላለመቅበር ራሱን እየቀበረ ነው።

አያልነህ፦ አሁን የት ነው ያለው?

አትጠገብ፦ ቤት። ተኝቷል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

አያልነህ፦ አርባዋን አልጠብቅም፤ ዛሬውኑ ከእሱ ጀምሬ እናገራለሁ። ፊት ፊቴ ሂጂ፤ ብቻዬን ከሆንኩ ከመንገድ እመለሳለሁ።