ሣር የመሰለው ጤፍ

ይህ ወሬ መውረጃዬን አሳለፈኝ። ሸቀጤን ይዤ ከኢስትሊ ሰፈር በተሳፈርኩበት ማታቱ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ሁለት የአገሬ ሴቶች ተቀምጠው ያወራሉ።

«ዛሬ ልጄን ከካቶሊኮቹ ትምህርት ቤት ላስወጣት ሄጄ ነበር። ከገባች ጀምሮ እዚያ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።»

«ያቺ እቤት ጆሯችንን የምታደነቁረዋ?»

«እሷው። ስደርስ ክፍሉ በሙሉ ጓሮ ወጥቶ አትክልት ይኮተኩታል። እሷ የዘራችውን ጤፍ ሣር መስሏቸው ይነቅሉታል።»

«ውይ፣ ልጆቹ ጤፍ የት ያውቃሉ።»

«እሷ ሆዬ በስዋሂሊ ጮኸች፤ ‹ተዉት፣ ምግብ ነው› ብላ።»

«አንቺዬ፣ ተናገረች?»

«ተናገረች። አስተማሪዋ ሲስተር ሳትቀር ሁሉም ተንበርክከው አንድ በአንድ መልሰው ተከሉት።»

«ታዲያ አስወጣሻት?»

«እኔም አብሬያቸው ተንበርክኬ ስተክል ዋልኩ።»

ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድኩና፣ ሸቀጤን ተሸክሜ በእግሬ ተመለስኩ።